በእጅ አዙር

«ሳሙናው አረፋ አለው?»

«ለሚያሽ ሰው አለው።»

የምስጢር ቃሉ ገጠመ። መርፌ የሆስፒታሉን የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው። ሳሙና አከፋፋይ መስሎ የገባው ሰውዬ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። የስለላ አለቃዋ ነው፤ የኮድ ስሙ አጎቴ። ስሙ ኮድ መሆኑን ግን ከረሳችው ቆይታለች። ወላጅ አልባ ሳለች አንስቶ፣ ሥራውን አስተምሮ፣ ስትታመም አስታሞ ሰው ያደረጋት እሱ ነው። መርፌ ያላትም እሱ ነው፤ ገብታ ስትወጣ ስለማትታወቅ።

አንዱን ሳሙና ለሁለት ሰበረው። ከውስጡ ጥፍር የምታክል ጥቁር ፍላሽ ወጣች።

«ከማሽኑ ጀርባ ትሰኪያታለሽ። ጋሻ ናት። ከውጭ ሆኖ የማሽኑን እጅ ሊጠመዝዝ የሚሞክር ቢኖር በሩን ትዘጋበታለች።»

«ታካሚውስ? ብንነግረው አይሻልም?»

«ምን ያስጨንቀዋል! ነፍሱን ይማረው፣ ልበ ቀና ሰው ነበር። በይ ሂጂ ልጄ፣ ቀልጠፍ በይ።»

ሄደች።

ሆስፒታሉ መርፌን የሚያውቃት የማሽን ቴክኒሺያን አድርጎ ነው። ማሽኑ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሮቦት ነው። ጠዋት ጠዋት ክንዶቹን ነጭ ላስቲክ ስለሚያለብሱት ነርሶቹ «ሙሽሪት» ይሏታል። ዶክተሯ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ስክሪን እያየች፣ ታካሚውን በእጅ አዙር ነው የምትቀደው። ዛሬ ሥሯ የሚተኛው ሰው ደግሞ የማሽኑን የኮምፒውተር መቆለፊያ የሠራው መሐንዲስ ነው። ቁልፉ ተሰርቆ መሸጡን፣ ገዢውም ካሻው ቦታ ሆኖ የሮቦቱን እጅ መንጠቅ እንደሚችል ለፍርድ ቤት ሊመሰክር ነው። የሐሞቱ ሕመም ግን ቀጠሮ አልጠበቀለትም። እስኪመሰክር በሕይወት ማቆየት የመርፌ ሥራ ነው።

ላስቲኩን አለበሰች። ፍላሿን ሰካች። መሐንዲሱ በአልጋ እየተገፋ ገባ።

«ጉድ እኮ ነው! እኔው ሠርቼ እኔው ልተኛላት?» አለ እየሳቀ። ከንፈሩ ግን ደርቋል። «ልጆቼን አይዟችሁ፣ ይህቺን ማሽን አውቃታለሁ ብያቸው ነው የመጣሁት። እንዳታሳፍሪኝ።»

«እግዜር ይማርዎት» አለችው።

በማደንዘዣው ጭልጥ ብሎ ተኛ።

ይማርዎት።

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ለታመመ ሰው ይማርህ ይባላል። አጎቴ ምን ነበር ያለው? ነፍሱን ይማረው። ነፍሱን! ይሄ የሚባለው ለሞተ ሰው አይደለም እንዴ?

አጎቴ? የኔው አጎቴ?

«ዶክተር፣ አይጀምሩ!»

«እኔ አልነካሁትም!» ዶክተሯ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ሙሽሪት ግን እየተንቀሳቀሰች ነው።

መርፌ ቀዩን ማቆሚያ መታችው። ምንም የለም። ፍላሿን ነቀለች። በሩ አንዴ ተከፍቷል፣ ምን ዋጋ አለው! ስለት የያዘው ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ መሐንዲሱ ሆድ ወረደ።

መርፌ እጇን መሃል አስገባች።

ጓንቷ በደም ተሞላ። ጥርሷን ነክሳ በሌላው እጇ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከማሽኑ ጀርባ መነጨቀችው። ክንዱ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ሐሞቱ ሊፈነዳ ደርሷል» አለች ዶክተሯ። «ሆድ በእጄ የከፈትኩት ተማሪ ሳለሁ ነው!»

«ታዲያ እጅዎ የት ሄደ?» አለቻት ዋናዋ ነርስ። «ታጥበው ይምጡ እንጂ!»

ታጥባ መጣች። መጀመሪያ እጇ ዘገየ፤ እየቆየ ሥራውን አስታወሰ። መሐንዲሱ ተረፈ።

የመርፌ እጅ ከተሰፋ በኋላ ፍላሿን በኮምፒውተር ከፍታ አየቻት። የግድያው ትእዛዝ የተፈረመው በእሷ የኮድ ስም ነው። ለበላዮቹ አለቆች ነገረች። ከዚያ ለአጎቴ አንድ መልእክት ላከች፦ «ሳሙናው አልቋል።» ተሳክቷል ማለት ነው። ማስረጃ የሆነችውን ፍላሽ ሊወስድ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ባዶ ካርቶን ይዞ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጣ። ዓይኑ ፋሻዋ ላይ አረፈ።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«እርስዎ የላኩት ስለት ቆረጠው።»

እርስዎ። ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለው ኖራ! ሰውዬው ያኔውኑ ገባው።

«ያልሞተን ሰው ነፍሱን ይማረው አሉ። አፍሽን ጠብቂ እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ቁልፉን ሸጡ፤ ይሁን። እኔ ምን በደልኩዎትና በስሜ ፈረሙ?»

«አንቺ…» ወለሉን አየ። «ብቻሽን ነሽ። የሚያለቅስልሽ ሰው የለም ብዬ ነው።»

በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። እሷ እኮ ብሞት እሱ ያለቅስልኛል ብላ ነው የኖረችው። ፍላሿን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ከአንሶላው ክምር ኋላ ተደብቀው የነበሩት የአለቆቹ ሰዎች ወጥተው እጅ ከፍንጅ ያዙት። ሲወስዱት ቀና ብላ አላየችውም።

መሐንዲሱ መሰከረ። ሮቦቶቹ ቁልፋቸው እስኪቀየር ድረስ ቆሙ። የመርፌ ፊት ግን ታወቀ። አለቆቿ ስሟን ሰረዙት፤ በሌላ ስም ሌላ ከተማ ገባች። ሁለት ጣቶቿ ደንዝዘው ቀርተዋል። ላውንደሪ ቤት ተቀጥራ ልብስ ትተኩሳለች።

«ዘመድ የለሽም እንዴ፣ ልጄ?» አለቻት የላውንደሪው ባለቤት አንድ ቀን፣ አንሶላ አብረው ሲያጥፉ።

ልጄ የሚለው ቃል ወጋት።

«አጎት ነበረኝ።»

«ውይ! ነፍሱን ይማረው።»

መርፌ የአንሶላውን ጫፍ ከጫፍ አገጣጠመች።

«አሜን» አለች።