ያልተጠሩት አሥራ አንዱ

በአሜሪካ የሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ፣ ማውንት ኤልም፣ የምሥረታ በዓሉን የሚከፍተው በስም ጥሪ ነው። ከባርነት የወጡ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል መቁጠር ከጀመሩበት ዘመን ወዲህ የተመረቁት ሁሉ በየዓመታቸው ይጠራሉ፤ በሕይወት ያለ ብድግ ብሎ «አለሁ!» ይላል፤ አዳራሹም በጭብጨባ ይናጋል።

ዝርዝሩን የምታዘጋጀው የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋ ዴልፊን ራትሊፍ ናት። ትጉ ሠራተኛ ነበረች፤ ነገር ግን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አይዋጥላትም።

አንድ ዓመት፣ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ኢራስመስ ጎድቦልት የሚባሉ አዛውንት ቢሮዋ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1960 ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት ምግብ ቤት ተቀምጠው አንነሣም በማለታቸው ኮሌጁ ራሱ ካባረራቸው አሥራ አንድ ተማሪዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ልጄ፣ እኛን የምትጠሪን መቼ ነው?»

«ሚስተር ጎድቦልት፣ ጥሪው ለተመረቁ ነው። እርስዎ ደግሞ አልተመረቁም።»

«አባረውኝ እንዴት ልመረቅ?» ብለው ሳቁ። «ሁለት ወር ነበር የቀረኝ። ይኸው በየዓመቱ ኋላ ተቀምጬ ለሰው አጨበጭባለሁ።»

«ኮሌጁ እኮ ጨንቆት ነው። ባያባርራችሁ ነጮቹ ባለሥልጣናት ይዘጉት ነበር። አሁን በበዓል ቀን ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል?»

«የያኔዎቹ የኮሌጁ ኃላፊዎችስ ፈሩ፤ ይቅር ብያለሁ። እናንተ ዛሬ ማንን ፈርታችሁ ነው ዝም የምትሉት?»

ዴልፊን እንደ ልማዷ «ለሚመጣው ዓመት ለቦርዱ አቀርባለሁ» ብላ ሸኘቻቸው።

ዓመቱ ሳይዞር ሞቱ። በቀብራቸው ላይ በታደለው የሕይወት ታሪክ፣ «ትምህርት» ከሚለው ቃል ጎን ማውንት ኤልም ኮሌጅ የሚል ብቻ ተጽፎ ነበር። ኮሌጁ የካዳቸው ሰው ኮሌጁን አልካዱም። ዴልፊን ይህን ስታነብ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። በማግሥቱ ቦርዱን ለምና አስፈቀደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በቀጣዩ በዓል አሥራ አንዱን በየስማቸው ጠራች። የሚመልስ አልነበረም። መጨረሻ ላይ «ኢራስመስ ጎድቦልት!» ስትል ዓይኖች ሁሉ ወደ ባለቤታቸው ወደ ሉቬኒያ ዞሩ። አንዱ «ይነሡላቸው እንጂ» አላቸው።

«አልነሣም» አሉ ሉቬኒያ ከተቀመጡበት። «ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ እሱን ጥሩት እንጂ እኔን ጥሩኝ አላልኩም። ዝም ሲል ስሙት።»

ዴልፊን ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦

«አምና ቢጠሩ ኖሮ ይመልሱ ነበር። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ወገኖቼ፣ የበደላችሁት ሰው ካለ የሚመጣውን ዓመት አትጠብቁ። ዛሬውኑ፣ ጆሮው እየሰማ፣ ሂዱና ንገሩት።»