ደረት የማያልፍ ሐይቅ

ሬሳውን ከደንገሉ ውስጥ ጎትተው ሲያወጡት የጭንቅላቱ ኋላ ተፈንክቷል፤ አፉ በቀይ ጭቃ ተሞልቷል። ሟቹ በሐይቁ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ዋንጫ ከእጁ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። መርማሪዋ አጎነበሰችና ከጥርሱ መሃል ትንሽ ጭቃ በጣቷ አውጥታ አየችው፤ ጀርባውንም ገልጣ ተመለከተች።

አብሮት ያጠምድ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ዳር ተቀምጧል።

«ሐይቁ መሃል ነበርን» አላት። «ይሄ የውድድር ተፎካካሪው በሞተር ጀልባው ገጨን። ወንድሜ ሲወድቅ የሞተሩ ስለት መታው፤ በዚያው ሰመጠ።»

ተፎካካሪው በንቀት አየውና ወደ መርማሪዋ ዞረ። «‹እገልሃለሁ› ብዬዋለሁ፤ አገር ሰምቷል። አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። እጄ ግን አልነካውም፣ እመቤት።»

የሟች ሚስት ከሁለቱም ርቃ ቆማለች። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅሽን ምን አገኘው?»

«ወድቄ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

መርማሪዋ በተፎካካሪው ሞተር ጀልባ ሐይቁ መሃል ሄዳ ወረደች። ውሃው ደረቷ ላይ ቆመ፤ የረገጠችው ነጭ አሸዋ ነው። ከዚያ ወንዙ ወደሚገባበት አፍ አቀናች። እዚያ ውሃው በቀይ ደለል ደፍርሷል፤ ደንገሉ ሞተሩን ጠልፎ አላስገባ አላት።

ስትመለስ ሦስቱንም ጀልባ ማቆሚያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መሃሉ ላይ ሰው ይቆማል እንጂ አይሰምጥም» አለች። «ራሱን ስቶ ነው ብንል እንኳ አፉ ውስጥ የሚገኘው ነጭ አሸዋ ነበር። ቀይ ደለል ያለው ወንዙ አፍ ብቻ ነው። እዚያ ሞተር አይገባም፤ የሚገባው የሁለቱ ወንድማማቾች ዓይነት በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠፍጣፋ ጀልባ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ጀርባው ላይ ጉልበት ያረፈበት ቦታ በልዟል። በመቅዘፊያ ፈነከትከው፤ ከዚያ ላዩ ላይ ተንበርክከህ ትንፋሹ እስኪቆም ፊቱን ጭቃ ውስጥ ደፈቅከው።»

ወንድምየው የሚስቲቱን የታሰረ እጅ ተመለከተ።

«እኔን በዱላ ነው ያሳደገኝ፤ ችዬው ኖርኩ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ግን የእትዬን እጅ እንዴት እንደሰበረው እየሳቀ አወራኝ።»

ሚስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፤ ስጮህ ስትሰማ ኖረሃል» አለችው። «አንድ ቀን መጥተህ ‹ተው› ብትለው ኖሮ እኔም እተርፍ ነበር፣ አንተም እጅህ በደም አይነከርም ነበር።»

መርማሪዋ ካቴናውን ስታወጣ ወንድምየው እጆቹን ራሱ ዘረጋላት።