የማይጮኸው ወታደር

«ተኩስ!» አለ ሙሉቀን። ማሩ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ጅራፉን አጮኸው፤ የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሙሉቀን ራሱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ዓይኑን አፍጥጦ «መጡብኝ! መጡብኝ!» እያለ ጮኸ። ልምምዱን ሊያዩ የተሰበሰቡት የሰፈር ልጆች በሳቅ ፈረሱ።

እየሩስም አጨበጨበች። ድራማውን የጻፈችው እሷ ናት። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ታሪክ ነው፤ በቡሄ ዋዜማ ሰፈርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ያየዋል። ጩኸቱንና መንከባለሉን የወሰደችው ከቴሌቪዥን ነው። እዚያ ጦርነት ያየ ሰው ሁሉ እንዲያ ይሆናል።

ዘወር ስትል ግን በሩ ላይ አጎቷን ዓለምነውን አየችው። ጃንጥላ ይዞላት መጥቷል። አያቷ እማማ አሰለፈች ልከውት ይሆናል፤ ነሐሴ በደብረ ታቦር ከተማ ቀልድ አያውቅም፤ ልጅ ደግሞ እስክትበሰብስ ድረስ ዝናብ መኖሩ ትዝ አይላትም።

ዓለምነው አልጮኸም። አልወደቀም። አንድ እግሩ ከደጃፉ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ እንደሆነ ደርቆ ቀረ። ከንፈሩ ነጣ። ጃንጥላውን እንደያዘ ተመልሶ ወጣ። ከልጆቹ አንድም ልብ ያለው የለም። ምኑ ይታያል? ምንም አላደረገም።

እየሩስ ተከትላው ስትወጣ ልቧ ወደ ድሮው ሄደ። ድሮ ቡሄ ሲቃረብ የሰፈሩን ልጆች ጅራፍ የሚገምድላቸው እሱ ነበር። ቃጫውን ጭኑ ላይ እያሻሸ፣ ተረት እያወራ፣ «ቀስ በል አንተ፣ የሰው ዓይን እንዳታጠፋ!» እያለ። ከጉብታው ላይ ሆኖ ሲያጮኸው የማዶው ተራራ ይመልስለታል። እማማ አሰለፈች ደጅ ወጥተው «ያ የኔው ነው» ይሉ ነበር፤ ከስንት ጅራፍ መሃል የልጃቸውን ይለዩታል። ወይ ጊዜ! ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ግን የጀመረው ወሬ መሃል ላይ ይጠፋበታል። «ብላ እንጂ ልጄ» ሲሉት፣ ገበታው ሳይነካ «በላሁ» ይላል።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ አገኘችው። ጃንጥላውን አልዘረጋውም፤ ዝናቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ በሰበስክ እኮ!»

«እ? አዎ… ዝናብ ነው ለካ።»

ጃንጥላውን ከእጁ ወስዳ፣ ክንዷን ሽቅብ ወጥራ ለሁለቱም ዘረጋችው።

«ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚንፈራገጠው?» አለ።

የእየሩስ ጉንጭ ጋለ። «ወታደር ነው። ከጦርነት ተመልሶ… እንዲያ ይሆናል።»

«እኔ ደግሞ ሱሪው ውስጥ ጉንዳን የገባበት መስሎኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። የሱ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

በዋዜማው ጎረቤቱ ሁሉ ድራማውን አይቶ፣ ዘወር ብሎ እሱን ሲያይ ታያት። ይሄኛውስ መቼ ይንከባለል ይሆን እያለ። እውነቱን ብታሳይ ደግሞ የሱ ገመና ነው፤ ሳይፈቅድ እንዴት አደባባይ ይወጣል?

«ጋሼ፣ ወታደሩን ዝም የሚል ላድርገው? ከከፋህ ግን ድራማው ራሱ ይቅር።»

«አይቅር። የኔ ስም ብቻ አይነሳ። ወታደሩ እህት አለችው?»

«አለችው። እኔ ነኝ የምጫወታት። ታለቅሳለች፤ ምን ሆንክ፣ ምን ሆንክ ትለዋለች።»

«አታስለቅሻት። አትጠይቀውም። አጠገቡ ትቀመጥ።»

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ሙሉቀን ሱሪውን እያራገፈ ነበር። «የት ጠፋሽ ባክሽ? ጩኸቴ አሪፍ ነው አይደል?»

«ጩኸቱ ቀርቷል። ጅራፉም ቀርቷል። በር ጓ ሲል ደርቀህ ትቆማለህ፤ በቃ።»

«ኧረ አትፎግሪ! ሰዉ ታዲያ ምኑን ያያል?»

«እኔስ ምን ልሥራ?» አለ ማሩ ከመጋረጃው ጀርባ።

«አንተ በሩን ትዘጋለህ።»

እየሩስ አግዳሚ ወንበሩን ጎትታ መድረኩ መሃል አስቀመጠችው። «ና ቁጭ በል። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

ሙሉቀን እያጉረመረመ ተቀመጠ። «እስከ መቼ ነው እንዲህ ዝም የምንለው?»

እየሩስ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

«እስኪያልፍልህ» አለችው።