የዘበኛው ጠርሙስ

ዘበኛው በጥበቃ ቤታቸው ወንበር ሥር ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው የወደቀው የውኃ ጠርሙስ ዋጋው የወር ደመወዛቸውን ያስከነዳል። ከሩቅ የበረዶ ተራራ ተቀድቶ የሚመጣ፣ የቤቱ ጌታ ብቻ የሚጠጡት ውኃ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ውኃ ገደለ ልባል ነው?» አለ መርማሪው ጉልበቱን እያሸ። ባልደረቦቹ «ሻምበል ደከመኝ» ይሉታል፤ እውነትም ደክሞታል። ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን ማየት አንገሽግሾታል። ዓይኑ ግን አልደከመም። የጠርሙሱን ቡሽ አንስቶ ሲያገላብጠው መሐሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አገኘ።

የቤት ሠራተኛዋ የሟቹ የእህት ልጅ ናት። ሻምበሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው።

«አጎቴን ኩላሊት ያማቸው ነበር። ሐኪሙ ንጹሕ ውኃ ይጠጡ ሲል ጊዜ የጌታዬን ጠርሙስ ለእሳቸው እየሰጠሁ፣ ለጌታዬ የቧንቧውን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ በብርጭቆ አቀርባለሁ።»

«ይኸው! ሌባም ነፍሰ ገዳይም!» አሉ እመቤቲቱ። «ምን ትጠብቃለህ? ውሰዳት እንጂ!»

የልጅቷ እጅ ታስሯል። ሻምበሉ ሌላ ነገር ካላገኘ ወህኒ መውረዷ ነው።

የጌታው ታናሽ ወንድም ላብ በላብ ሆኗል። «ትናንት ይህቺን ልጅ ከዚያው የውኃ ሣጥን አንድ ስጪኝ ብዬ ስለምናት ነበር እኮ! ከለከለችኝ እንጂ አልቆልኝ ነበር!»

«ይህን ውኃ ከእርስዎ ሌላ የሚቀምስ አለ?» ሲል ሻምበሉ ጌታውን ጠየቃቸው።

«ውሻዬ። ከብርጭቆዬ አካፍለዋለሁ፤ ሌላ ውኃ አይነካም።»

ሻምበሉ ከጌታው ወንበር ሥር ተመለከተ። ምንጣፉ ላይ የሳህን ክብ ምልክት አለ፤ ሳህኑ ግን የለም።

«ውሻውስ?»

«ከትናንት ጀምሮ እመቤቴ መኝታ ቤት ቆልፈውበታል» አለች ሠራተኛዋ።

«ሆዱን አሞት ነው» አሉ እመቤቲቱ ፈጠን ብለው።

ሻምበሉ እያቃሰተ ደረጃውን ወጣ። ውሻው ሥጋውን ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ በሳህኑ የተቀዳለትን የቧንቧ ውኃ እየላፈ ነው።

ሲወርድ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርዙ የታሰበው ለጌታው ነበር። ልጅቷ ብታውቅ ላሳደጓት አጎቷ አትሰጥም። ወንድምዬውም መርዝ ካለበት ሣጥን ስጪኝ ብሎ አይለምንም። ውኃው እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ነገር አድርጓል፤ ከጌታው ብርጭቆ የሚጠጣውን ውሻ ገለል አድርጎታል። እመቤት፣ ውሻው ምንም አልሆነም።»

የእመቤቲቱ ፊት አመድ መሰለ። «እናቴ መታከሚያ አጥታ ስትሞት ይሄ ሰውዬ በዚህ ውኃ እግሩን ይታጠብ ነበር! ብለምነው፣ ባለቅስ እምቢ አለኝ! ውሻው ታዲያ ምን አጠፋ?»

«ዘበኛውስ ምን አጠፉ?»

ሻምበሉ ካቴናውን ከልጅቷ እጅ ፈትቶ በእመቤቲቱ እጅ አጠለቀው።

ጌታው ሚስታቸው ሲወሰዱ እስከ በሩ በዓይናቸው ሸኟቸው። ከዚያ ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቧንቧ የምታጠጪኝ?»

«ከክረምት ጀምሮ፣ ጌታዬ።»

«ጉድ ፈላ! እኔ እኮ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ጣዕሙን ሳወራ ነው የከረምኩት!»

«አጎቴ ግን» አለች እንባዋ እየወረደ፣ «ምንም ጣዕም የለውም ነበር የሚሉኝ። ለእኔ ብለው ነበር የሚጠጡት።»