እሳቱ ሞቷል ያለው ማን ነው?

ዩሊስ ባቢን የሞተው በኅዳሩ የምስጋና በዓል ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አምቡላንሱ ድልድዩን ሳይሻገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አንድ ሙሉ የቱርክ ዶሮ በዘይት ሲጠብስ ጣቱን እንኳ ተለብልቦ የማያውቅ ሰው፣ በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት ዘይቱ ገንፍሎ እሳት በላው።

በነጋታው ጠዋት ወንዝ ዳር ያለነው ሁላችንም ጥፋተኛዋን አውቀን ጨርሰን ነበር። ምራቱ ዳርላ ናት! የዶሮዋን በረዶ የማስለቀቁ ሥራ የእሷ ነበር፤ ሆዷ ውስጥ በረዶ የቀረባት ዶሮ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትገባ ዘይቱን እንዴት አገንፍላ እንደምታፈስ በሉዊዚያና ያልሰማ የለም። ደግሞስ ዳርላ የሰሜን ሰው አይደለችም? ከአያቶቻችን የወረስነውን ፈረንሳይኛ አትሰማ፣ ቃሪያችንን አትችል። እንዲህ ያለችውን «አሜሪካኒቷ» እንላታለን፤ እኛ ከጨረቃ የወረድን ይመስል። ያን ቀን በእሷ ላይ ያላወራ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ራሴ አውርቻለሁ፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የወረዳው የአስከሬን መርማሪ አዜሊ ፎንቴኖ አንድ እግሯን እየጎተተች ከባቢኖች ማእድ ቤት ገባች። ዕድሜዋ ስልሳ ሊሞላ ነው፤ የተወለደችውም ከዚያው ወንዝ በታች ነው። ብሬንት የሚባለው ወጣት ፖሊስ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ እትዬ አዜሊ» አላት። «በቸልተኝነት ሰው መግደል። እሷም አምናለች። አሥር ሰዓት ላይ ፈርማ ይዣት እሄዳለሁ።»

ዳርላ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ባሏ ማክሲም ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ በሌላው ጥግ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሷ ዞር አላለም።

«እኔ ነኝ» አለች ዳርላ። «አራት ቀን ማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጫት ነበር። የቀለጠች መስሎኝ ነበር። ግን እነሱ ካሉ… እነሱ ያውቃሉ። እፈርማለሁ። ልጄን ብቻ አትውሰዱብኝ።»

«ልጅቷ እዚህ ትቀራለች» አለ ማክሲም ግድግዳውን እያየ። «ነግሬሻለሁ። አንቺ ወደ እናትሽ ቤት ትሄጃለሽ።»

አዜሊ ወረቀቱን አንስታ አጠፈችና ከገዛ ቦርሳዋ ከተተችው።

«እትዬ አዜሊ! እሱ የመንግሥት ሰነድ ነው!»

«አሥር ሰዓት አላልክም? ገና ሦስት ሰዓት ነው። አርፈህ ቁጭ በል።»

የሟቹ ልጅ ኖኤሚ እቃ ማጠቢያው አጠገብ አንድ ሳህን ይዛ ደጋግማ ታጥባለች። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏን ሉካን ከአጎቷ ጀልባ ላይ ውሃ በልቶባታል፤ አሁን ደግሞ አባቷ። አዜሊ ሳህኑን ቀስ ብላ ተቀበለቻት።

«ኖኤሚ፣ ቅመሙን በመርፌ ለዶሮዋ የወጋው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ረቡዕ ማታ። ቅቤና ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ሁልጊዜው።»

«ስንት ቦታ ወጋሻት?»

«እንጃ፣ አርባ ቦታ ይሆናል። ጡቷን፣ ታፋዋን…»

«መርፌው እስከ የት ገባ?»

«እስከ አጥንቷ።» ኖኤሚ እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለች።

«ሆዷ ውስጥ ታሽጎ የሚመጣውን ጉበቷንና አንገቷንስ ያወጣው?»

«እኔ። ለሩዙ ከትፌዋለሁ። ሆዷን አጥቤ በጨርቅ አደረቅኳት። በረዶ አልነበረም! ወይኔ፣ እትዬ አዜሊ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ነበር እኮ! እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?»

«ማን ‹በረዶ ነበረች› ሲል ሰማሽ?»

«ሁሉም። መጀመሪያ አጎቴ ሶስቴን መሰለኝ የጮኸው፤ ‹አሜሪካኒቷ በረዶ ሰጠችው!› እያለ። ከዚያ ሁላችንም።»

ዳርላ ከጥጓ ቀና አለች። አዜሊ ግን ገና ምንም አልነገረቻትም፤ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮው ጠባብ ነው። በግራ ዕቃ ቤቱ፣ በቀኝ ውሃው። ከማእድ ቤቱ በር ሲወጡ መጀመሪያ የሚገኘው የጋዝ ምድጃው ነው፤ ከእሱ ኋላ ስድስት እርምጃ ርቆ ሲሊንደሩ፣ ከሲሊንደሩ ኋላ የጎረቤት አጥር። ዩሊስ ምድጃውን የተከለው ከቤቱ ርቆ፣ ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ነበር። ዘይቱ የፈሰሰው ወደ ቤቱ በኩል ነው፤ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ እስከ ውሃው ጫፍ ሣሩ ከስሏል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው ሣር ግን አረንጓዴ ነው። አዜሊ እዚያ ላይ ብዙ ቆየች።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ አራት ባዶ የኦቾሎኒ ዘይት ጀሪካኖች አሉ።

«ኖኤሚ! አባትሽ ዘይቱን ለክቶ ነበር?»

«ሁልጊዜ ይለካል። ዶሮዋን ድስቱ ውስጥ ከትቶ ውሃ ይሞላል፤ ዶሮዋን ያወጣና የቀረውን ውሃ በጀሪካን ይለካዋል። ዘንድሮ ሦስት ከግማሽ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ የአራተኛው ጀሪካን ግማሽ የት ሄደ?»

 ዩሊስ ዘይቱ እስኪግል ድረስ ረጅም እጅጌ ሸሚዝና ጓንት ሊለብስ ወደ ቤት ገብቶ ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ ኖኤሚ ነገረቻት። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ስለነበር የሸሚዙን ቁልፎች ሲታገል ነበር የቆየው።

ሶስቴን ባቢን የፊት ለፊቱ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሽሪምፕ አጥማጅ። እግሩ ላይ የአጥማጆቻችን ሁሉ ነጭ የጎማ ቦቲ አለ።

«እግዜር ያጽናህ፣ ሶስቴን። ትናንት እሳቱ ሲነሳ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሽሪምፕ ስልጥ ነበር። ጩኸቱን ስሰማ በማእድ ቤቱ ሮጬ ወጣሁ። ማክሲም ወንድሜን ሲጎትት እኔ እሳቱን አቋርጬ ሲሊንደሩን ዘጋሁ። ባልዘጋው ቤቱ ራሱ ይነድ ነበር።»

«ጎበዝ። ቦቲው ያው የትናንቱ ነው?»

«ሌላ ከየት አመጣለሁ? እኔ እንዳንቺ ደሞዝተኛ መሰልኩሽ?»

«ደሞዜን ብታየው ታለቅሳለህ» አለችና ጉልበቷን እያሸች ተነሳች።

ከአጥሩ ባሻገር እማማ ኡላሊ ወንበራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ብሬንት ትናንት አነጋግሯቸው በደብተሩ ላይ «ሐሳባቸው ተቀላቅሏል» ብሎ ጽፏል።

«ያ ልጅ ሳቀብኝ» አሉ እማማ ኡላሊ። «የሰማሁትን ነው የነገርኩት። መጀመሪያ ‹ሞተ› ሲባል ሰማሁ። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እንዴት ሰው ሳይቃጠል ‹ሞተ› ይባላል? እኔ ግን መልአክ ነው ብያለሁ። ቀድሞ ተነገረው።»

አዜሊ ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«በፈረንሳይኛ ነው የተባለው?»

«ታዲያ በምን ይሆናል!»

«አንድ ጊዜ ነው ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ዩሊስ ‹ሞተ?› አለ። ከዚያ ከዚህ ከአጥሬ ሥር ሌላው ‹ሞተ!› አለው።»

«ሌላው ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ። ጎርናና። ልጄ፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዜሊ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማክሲም፣ ኖኤሚ፣ ሶስቴን፣ ልጇን ያቀፈችው ዳርላ፣ ብሬንት። እማማ ኡላሊም ከአጥሩ ወዲያ ወንበራቸውን አስጠግተዋል። የከሰለው ሣር አሁንም ዘይት ዘይት ይላል። ኖኤሚ አፍንጫዋን ይዛ ታለቅሳለች።

«ከዶሮዋ ልጀምር» አለች አዜሊ። «አርባ ቦታ ላይ መርፌ እስከ አጥንቷ ገብቶባታል። ጉበቷ ከሆዷ ወጥቶ ሩዝ ውስጥ ተከትፏል፤ ትናንት ጠዋት ቀምሳችሁታል። በረዶ ላይ መርፌ አይገባም፣ ከበረዶ ውስጥ ጉበት አይወጣም። ዳርላ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች።»

ዳርላ ልጇን እንዳቀፈች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማክሲም አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ፤ ከዚያ ቆመ።

«እና ለምን ገነፈለ?» አለ ብሬንት።

«ዘይቱ ስለበዛ። ዩሊስ ሦስት ጀሪካን ተኩል ብሎ ለካ፤ ባዶው ግን አራት ነው። እሱ ሊለብስ ሲገባ አንድ ሰው ግማሹን ጨመረበት። ዩሊስ ሞራ የጋረደው ዓይን ይዞ በእንፋሎት ውስጥ የዘይቱን ከፍታ ሊያይ አይችልም። ግን ስሙኝ፤ ዘይት መገንፈሉ ብቻውን ሰው አይገድልም። ዶሮዋ ከመውረዷ በፊት ጋዙ ተዘግቶ እሳቱ ይጠፋል፤ ከወረደች በኋላ ነው ዳግም የሚለኮሰው። ዘይቱ ቢፈስ ሣር ያበላሻል እንጂ አይነድም። ዩሊስ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት አልዘነጋም። ትናንት ግን እሳቱ እየነደደ ዶሮዋን አወረዳት። ለምን?»



«ብሬንት፣ አንተ የከተማ ልጅ ነህ፣ ይህን አታውቅም። እኛ ወንዝ ዳር በፈረንሳይኛችን እሳት ‹ጠፋ› አንልም፤ ‹ሞተ› ነው የምንለው። የጋዝ ነበልባል ደግሞ በቀትር ፀሐይ ለጤነኛ ዓይን እንኳ አይታይም። ስለዚህ ጠባሹ ይጠይቃል፤ ሲሊንደሩ ጋ የቆመው ይመልሳል። ‹ሞተ?› ‹ሞተ!› በእንግሊዝኛ ‹ኦን› እና ‹ኦፍ›፣ ‹በራ› እና ‹ጠፋ› ማለት ነው፣ ለዩሊስ ጆሮ ይመሳሰሉበት ነበር፤ በፈረንሳይኛ ካልተመለሰለት ዶሮ አያወርድም። እማማ ኡላሊ የሰሙት መልአክ አይደለም። ሐሳባቸውም አልተቀላቀለም።»

«ብያለሁ!» አሉ እማማ ኡላሊ ከአጥሩ ወዲያ። ብሬንት አንገቱን ደፋ።

«አንድ ወንድ ሲሊንደሩ ጋ ቆሞ እሳቱ እየነደደ ‹ሞተ› አለው። እዚህ ቤት ወንዶች ሁለት ናቸው። ማክሲም፣ ጫማህን አሳየኝ።»

ማክሲም እግሩን አነሳ። ሶሉ ቀልጦ ተጨማድዷል።

«ከቤት ወጥቶ ወደዚያ የሚያልፍ ሁሉ ይህን የከሰለ ሣር መርገጥ አለበት። ሌላ መንገድ የለም፤ በዚያ ግድግዳ፣ በዚህ ውሃ። ማክሲም መሐሉ ድረስ ብቻ ገብቶ ጫማው እንዲህ ሆኗል። ሶስቴን፣ አንተ እሳቱን አቋርጬ ዘጋሁ ብለኸኛል። ቦቲህ ያው የትናንቱ ነው ብለኸኛል። ጎማ ነው፤ ደግሞ ነጭ ነው።»

ሁላቸውም የሶስቴንን እግር አዩ። ነጭ ነበር፣ ምንም አልነካውም።

«እሳቱን አላቋረጥክም፣ ምክንያቱም ከእሳቱ ወዲያ ነበርክ። ከመጀመሪያው አረንጓዴው ሣር ላይ፣ ሲሊንደሩ ጋ ነበርክ።»

«ወንድሜን? እኔ?» አለ ሶስቴን። «ለምን ብዬ? አብደሻል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ። ኖኤሚ፣ አባትሽ ረቡዕ ማታ የነገረሽ ነገር አለ?»

ኖኤሚ ቀስ ብላ ተናገረች። «‹ነገ ከምሳ በኋላ ስለ ሉካ የምነግርሽ አለ› አለኝ። ዘይቱን የሚገዛለት አጎቴ ነበርና አምጥቶለት እዚያው ቆሞ ነበር።» ወደ ሶስቴን ዞረች። «ስለ ባሌ ምን ሊነግረኝ ነበር? አጎቴ? ምን ሊነግረኝ ነበር?»

 ሶስቴን መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ሰክሬ ነበር» አለ። «ያን ቀን መሪውን የያዝኩት ሰክሬ ነው። ሉካ ሲወድቅ አልሰማሁትም፤ ስዞር የለም። ዩሊስ ሁለት ዓመት ደበቀልኝ። ከዚያ ‹የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ፣ እነግራታለሁ› አለ። ለመንኩት እኮ! እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት! እኔ የፈለግኩት ትንሽ እንዲቃጠል፣ ምሳው እንዲቀር፣ ሆስፒታል እንዲተኛ… ጊዜ እንዳገኝ ብቻ…»

ኖኤሚ የጮኸችውን ጩኸት እስከ ድልድዩ ድረስ ሰምተነዋል። እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ ወረወረችበት፤ ሌላ የምትወረውረው አልነበራትም። ብሬንት ሶስቴንን አንስቶ ወሰደው። ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ሄደ፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም።

አዜሊ የታጠፈውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ዳርላ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። ዳርላ ሁለት ቦታ ቀደደችው።

ማክሲም ፊቷ መጥቶ ቆመ። «ዳርላ» አለ። «ይቅር በዪኝ። እንግባ። ብርድ ነው፣ ልጅቷን ይመታታል።»

«ትናንት ለስንት ሰዓት ነበር አብረን የተቀመጥነው?»

«ምን?»

«አምቡላንሱ ከሄደ ጀምሮ። ሌሊቱን ሙሉ። አንድ ጊዜ ‹ዳርላ፣ ዶሮዋ ቀልጣ ነበር ወይ?› ብለህ ጠየቅኸኝ?»

ማክሲም በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን አየ።

«እኔ ራሴ እንኳ ራሴን ተጠራጠርኩ፣ ማክሲም። አንተ ዝም ስላልክ ነው የተጠራጠርኩት። ልጄን ትቼ እስር ቤት ልገባ ነበር።»

ልጅቷን አቅፋ በማእድ ቤቱ በኩል ወደ መኪናዋ ሄደች። ማክሲም ተከተላት። በሩን ሊከፍትላት ሞከረ፤ በፋሻው ምክንያት እጀታውን መያዝ አቃተው። እሷ ራሷ ከፍታ ልጅቷን አስቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ሞተሩን አስነሳች።

«ቀብሩ ነገ ነው» አለ ማክሲም እያለቀሰ። «ትመጫለሽ?»

«ለአባትህ እመጣለሁ» አለችው። «ለአንተ ግን እንጃ።»

መስኮቱን ዘግታ ወደ ድልድዩ ነዳች።