የማይነሳው ስልክ

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ምሳ ሳይቀርብ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በድምፅ ማጉያ ያሠለጠኑትን ድምፅ አወጡና፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስልክ ሲጠራ ማንም ሰው እንደማያነሳ በይፋ አስታወቁ።

አድማጮቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ ባለቤታቸው ናቸው። ሁለተኛዋ የቤቱን የፊት ክፍል ተከራይታ ልብስ የምትሰፋ፣ ከሁለት ወር በፊት ደግሞ የልጃቸውን ቀለበት ያጠለቀች ወጣት ናት።

«ምን ለማለት ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

ኃላፊው አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ልጃቸው ባሕር ማዶ ሲዘምት ይዞት የሄደው ስልክ በእሳቸው ስም የተመዘገበ ስለሆነ ሂሳቡ የሚመጣው ለእሳቸው ነው። ወታደሩ በመጀመሪያው ወር ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሾርባው፣ በተለይ ደግሞ አልጋው ሥር ስለወለደች አንዲት ድመት ሲደውል ሰንብቷል። ከውጭ አገር የመደወያው፣ የሮሚንጉ ሂሳብ የአባቱን የሦስት ወር ጡረታ ይውጣል።

«ድመቷ ብቻዋን የሁለት ሳምንት አስቤዛ በልታለች» አሉ ኃላፊው።

«ልጄ እያወራኝ አስቤዛ ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺማ ወሬ ትበያለሽ። እኔስ?»

እናትየው አላመኑም። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋን አስከትለው ስልክ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል አስረዳቻቸው።

«ወታደሩ ሲደውል ይከፍላል። እናንተ ደውላችሁ እሱ ሲያነሳም ይከፍላል። አንድ ሰኮንድ ብታወሩም እንደ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው።»

«ካልተነሳስ?»

«ካልተነሳማ ነፃ ነው እማማ።»

«እየጠራም?»

«እንደፈለገ ይጥራ።»

«እንግዲያው ነፃው ዝምታ ነው በይኛ።»

«አዎ» አለች ሠራተኛዋ፤ አዲስ አገልግሎት እንደምታስተዋውቅ ሁሉ።

ከልጃቸው ጋር በዚሁ ተዋዋሉ። ልጁ በየቀኑ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይደውላል፤ ሦስት ጊዜ ይጠራና ይዘጋል። ሦስት ማለት «ደህና ነኝ» ማለት ነው። የቤቱ ስልክ መደርደሪያው ላይ ከውሃ ብርጭቆዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ሦስቱም ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹም አብረውት ይንቀጠቀጣሉ፣ ኃላፊው ጣታቸውን እያነሱ ይቆጥራሉ። ከሦስተኛው በኋላ የሚመጣው ዝምታ ግን እንደ ሌላው ዝምታ አልነበረም። አንድ ሰው ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ምንም ሳይናገር አብሯቸው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

አንዳንዴ መንገደኛ በመስኮቱ በኩል ይጮሃል።

«ሰው የለም እንዴ? ስልክ ይጠራል!»

«አለን!» ይላሉ ኃላፊው። ማንም ግን ንቅንቅ አይልም።

ልብስ ሰፊዋ እጮኛዋን ያወቀችው የተቀደደ የዩኒፎርም ኪስ ሊያሰፋ የመጣ ዕለት ነው። ኪሱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ዘጠኝ ጊዜ አሳቃት። በሳምንቱ ያልተቀደደ ኪስ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ቀለበት ይዞ መጣ። ትወደው እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ ከሳቋ መሃል ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ አላገኘችም።

የወታደሩ አደዋወል ልክ እንደ ራሱ ነበር። አንድ ቀን ሰባት ከሩብ፣ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት። አንድ ቀን አራት ጊዜ ይጠራል። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ጠርቶ እናቱን ሲያስጨንቅ ይውልና፣ የጎደለችው አንዲት ጥሪ አመሻሽ ላይ ብቻዋን ትመጣለች።

ከዘመተ በአራተኛው ወር ግን አንድ ማክሰኞ የግድግዳው ሰዓት ልክ ሰባት ሲል ስልኩ ጠራ። ሦስት። እኩል እኩል፣ እንደ ተለኩ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን።

«ሠራዊቱ ሰው አደረገው!» አሉ ኃላፊው።

እናትየው ማንኪያቸውን አነሱ። «ማሙሽ ሲወለድ እንኳን ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው» አሉ።

አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ለቅሶ ሄደው ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ምሳ በላች። ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኩ በእጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ እንዴት እንደሆነ ማወቅ አማራትና አነሳችው። እንደ ተያዘ ወፍ ነበር። አውራ ጣቷ አዳለጣት። መስመሩ ተከፈተ።

ነፋስ ሰማች። ሸራ ሲራገብ ሰማች። ከነፋሱና ከሸራው ወዲህ፣ በጣም ቅርብ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ሰኮንዶቹ በስልኩ መስታወት ላይ ሲሄዱ ታያለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ ብሎ ዘጋው።

እጮኛዋ በሕይወት ዘመኑ አራት ሰኮንድ ዝም ብሎ አያውቅም።

በዚያ ቀን ለአንድ ደንበኛ ኮት ሁለት የቀኝ እጅጌ ሰፋች። እየተረተረች አሰበች። የሚደውለው እሱ ካልሆነ ማን ነው? እሱስ የት ነው? የሞተ ሰው ስልክ ከኪሱ ያወጣ ሰው፣ ለማያውቀው ቤት በየቀኑ «ደህና ነኝ» የሚለው ምን ፈልጎ ነው? ለእናትየው ልትነግር ሁለት ጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ሁለቴም ተመልሳ ተቀመጠች። የአንዲትን እናት ሦስት ጥሪ ነጥቆ በምን ይተኩታል?

በወሩ መጨረሻ ወረቀቱ መጣ። አንድ ደቂቃ ተቆጥሯል፤ ቀኑም የለቅሶው ዕለት ነው።

«ይህች ደቂቃ የማን ናት?» አሉ ኃላፊው።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከመክፈቷ እናትየው ቀደሟት። «የእኔ ናት። ጣቴ ስቶ ነው።»

«ያን ቀን ለቅሶ ቤት አብረን አልነበርንም?»

«እዚያ ሆኜ ሳተ።»

ኃላፊው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሌላም አልጠየቁ። ምክንያቱም ቀደም ባለው ሳምንት አውቶቡስ ጣቢያ ከድሮ ሾፌሮቻቸው አንዱን አግኝተው ነበር። የሾፌሩ ልጅ ከልጃቸው ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነው። «የኛዎቹ እኮ ወደ ተራራው ተዛውረዋል፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ድምፃቸውን ከሰማን ስንት ጊዜያችን» ብሏቸዋል። ኃላፊው ያን ቀን ቤት የደረሱት ሰባት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ተቀመጡ። ስልኩ ጠራ። ጣታቸውን እያነሱ ቆጠሩ። «ሦስት። ደህና ነው» አሉ፤ ድምፃቸውም አልተንቀጠቀጠም።

እንዲህ ሆኖ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ሌሎቹ እንዳያውቁ ብለው፣ ለማያውቁት ሰው ጥሪ በየቀኑ ተመስገን ይሉ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ መልሳ የደወለችው በፍርሃት ነው። ባልና ሚስቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ስልኩን ወደ መስፊያ ክፍሏ ወሰደችና የእጮኛዋን ቁጥር መታች። የባሕር ማዶው ጥሪ እንደ አገር ቤቱ አይደለም፤ ረጅምና ወፍራም፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ዓይነት ነው። ሁለት ጊዜ አስጠርታ ዘጋችው። የሞተ እንደሆነ ዝም ይላል ብላ ነበር።

ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠራ።

አንድ አስጠራች፤ አንድ መጣ። በክፋት አምስት አስጠራች። ቆይቶ፣ ለማመን እንደ ተቸገረ ሰው እያመነታ፣ አምስት መጣ። ያን ጊዜ ሳቀች። ብቻዋን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ማን እንደሆነ በማታውቀው ሰው ሳቀች፤ በሳቋም መልሳ ደነገጠች።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሰዓት የቤተሰቡ፣ ስምንት ሰዓት የእሷ ሆነ። ምን ማለት ምን እንደሆነ አልተዋዋሉም። ሥራ ሲበዛባት አንድ፣ ሲከፋት አራት ታስጠራለች፤ እሱ ግን የከፋት ቀን መቼም እንደ እሷ አራት መልሶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ጨምሮ አምስት ያደርጋታል። ትኩሳት ይዟት የተኛች ቀን ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ መጥራት ጀመረና አላቆም አለ። እናትየው ስልኩን ይዘው ገቡ፤ ትራሷ ላይ አስቀመጡት።

«ይጮሃል» አሉ።

«ማን ነው እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ። ለእኔማ አይደለም» አሉና ብርድ ልብሷን አስተካክለው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

አንድ ቀን ደግሞ ሰባት ሰዓት ሆኖ ምንም አልጠራም። ሩብ ሆነ። ሾርባው ቆዳ አበጀ። ማንም ማንንም አላየም፤ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይራመዳል። ልብስ ሰፊዋ በውስጧ «ይኑር ብቻ፣ ይኑር» ስትል ራሷን ሰማች። ለማን እንደምትለምን ባወቀች ጊዜ የጣቷ ቀለበት ከበዳት። እጇን ከጠረጴዛው ሥር አስገባች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ጥሪዎች መጡ። ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ረሱ።

ወታደሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይናገር መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ወሬው ግን አንድ ኪሎ አልቀነሰም። እናቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥለው አለቀሱ። ልብስ ሰፊዋም አለቀሰች። ከልቧ ነው፤ ሞቷል ብላ ስንት ወር በሆዷ ቀብራው ነበር። አባቱ ከአውቶቡስ ጣቢያው ድምፃቸው በተለየ ድምፅ «በሰዓቱ ደረስክ» አሉት።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ወታደሩ መስፊያ መኪናው ላይ ተደገፈ።

«በየቀኑ ሰባት ሰዓት ስደውል እኮ ፊትሽ ድቅን ይልብኝ ነበር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ!»

«ሲደክምህም?»

«ሞቼም ቢሆን እደውል ነበር።»

እየሳቀ ነው ያለው። እሷ ከንፈሩን አየች። ነፋሱን፣ ሸራውን፣ የተዋጠውን ትንፋሽ አሰበችና በረዳት።

በማግስቱ እሑድ አራቱ ለምሳ ተቀመጡ። የልጁ ደመወዝ ሳይበተን ሠርጉ ቶሎ እንዲሆን አባትና ልጅ ተማክረው ነበር፤ ኃላፊው ቀኑን ሊያስታውቁ ተነሱ። ልብስ ሰፊዋ ሌሊቱን «አይሆንም» የሚለውን ቃል ስትለማመድ አድራለች። አሁን ግን እናትየውን ባየች ቁጥር ቃሉን ለሌላ ጊዜ ታሳድረዋለች።

«የሠርጉ ዕለት» አሉ ኃላፊው «በሚቀጥለው ወር ሁለተኛው እሑድ...»

ስልኩ ጠራ።

የስልኩ መስታወት ላይ «ማሙሽ» ይላል። ማሙሽ ድንች የተሰካበትን ሹካ እንደያዘ አባቱ ፊት ተቀምጧል።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አልቆመም። አራት።

«እ... እሱ እኮ» አለ ወታደሩ፤ ሳቅ ሞከረ፤ «እሱ ሬዲዮኛው ነው። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም ሲባል ሲሙን ታች ካምፕ ለሱ ተውኩለት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ደህና ነው። እማዬ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ቶሎ የምንመለስ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ደውልልኝ ነው ያልኩት። ሁለት ሳምንት ብቻ!»

«ስምንት ወር ደወለ» አሉ እናቱ።

«ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን» አሉ ኃላፊው፣ ሳያስቡት።

ባልና ሚስቱ ዞረው ተያዩ።

«ታውቁ ነበር?» አለ ወታደሩ። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «አንቺስ?»

እሷ ከወንበሯ ተነስታ ነበር። ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ ጥሪው ስንተኛው እንደሆነ የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

«ተዪው፣ ራሱ ይዘጋዋል» አለ ወታደሩ፤ ድምፁ ግን እንደ ጥያቄ ነበር።

«አይዘጋውም» አለችና አነሳችው። «እኔ ነኝ።»

ነፋስ። ሸራ። ከዚያ፣ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ እንደ ከረመ በር የሻከረ የወንድ ድምፅ።

«አነሳሽው እኮ።»

«አዎ።»

«ይቆጥራል።»

«ይቁጠር» አለች።

ማንም «ዝጊው» አላላትም።