በክንፉ ሥር የተጻፈው ቁጥር

ቀናተኛ ነኝ። አልዋሽም። እናቴ «አንቺኮ በገዛ ጥላሽም ትቀኛለሽ» ትለኛለች። በኋላ «ምን ዓይነት ሴት ናት?» እንዳትሉኝ ይኸው ቀድሜ ተናገርኩ።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከታናሽ እህቴ ጋር እሠራለሁ። አንድ ነፋሻማ ቀን ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ የጨረስኩትን ነጭ መጋረጃ በረንዳ ላይ ሰቅዬ ስፌቱን ስፈትሽ፣ የሆነ ነገር ዥው ብሎ መጣና መጋረጃው ውስጥ ተጠቀለለ። ስፈታው አውሮፕላን! ክንፉ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም የተሠራ፣ ሳነሣው ከባዶ ካርቶን የማይከብድ።

እህቴ «ሌላው ባል ሲፈልግ ይኳትናል፣ ላንቺ በአየር ተላከ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ክንፉን ስገለብጠው የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ናት። ድምጿ ማር!

«ውይ፣ የሱ ነው! እስካሁን የኔን ቁጥር አልቀየረውም?» አለችና ሳቀች። «የት እንዳለሽ ንገሪኝ፣ መጥቶ ይወስዳል።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለቤቱ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። ረጅም ነው፣ የሥራ ልብሱ ዘይት ነክቶታል። ፍሪጅ ጠጋኝ መሆኑን፣ ጓደኞቹ ግን «ካፒቴኑ» እያሉ እንደሚጠሩት ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ይቅርታ... መጋረጃሽን ቀደደው?»

«አልቀደደውም። ሚስትህን ግን በስልክ አስቸገርኳት።»

«ሚስት የለኝም።»

«ታዲያ ቁጥሩ የማን ነው?»

እስቲ አስቡት! ገና በሩ ላይ የቆመን ሰው! እህቴ ከጀርባዬ ሳቋን ለማፈን መጋረጃውን ነከሰች።

እሱ ግን አልተቆጣም። «የድሮ እጮኛዬ ናት። ከተለያየን ዓመት አለፈን» አለ። «ሜዳ ላይ በሪሞት የምናበር ሰዎች ስልካችንን አጥፍተን ነው የምናበረው፤ መሀል ላይ ከጮኸ ሐሳብ ይሰርቃል። ስለዚህ ክንፉ ላይ የራሳችንን ቁጥር አንጽፍም። ለኛ ብሎ ስልክ ያነሣልናል የምንለውን ሰው ቁጥር ነው የምንጽፈው። ከሷ በኋላ... የምጽፈው ሰው አላገኘሁም።»

አለቀልኝ። በዚያች ዓረፍተ ነገር አለቀልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ወደሚያበርበት፣ ከመጋዘኖች ጀርባ ወዳለ ሜዳ መሄድ ጀመርኩ። አውሮፕላን ወድጄ እንዳይመስላችሁ! ከኋላዬ ቆሞ ሪሞቱ ላይ ጣቶቼን ሲያስተካክል ትንፋሹ አንገቴን ይነካኛል፤ ለሱ ስል ነው። ቀስ በቀስ ግን ማብረሩንም ወደድኩት።

«ነፋስ ሲኖር ፊትሽን ለነፋሱ ስጪ» ይለኛል። «አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ከፊትሽ ይሁን። ካቃተሽ እንኳ ነፋሱ ራሱ ወዳንቺ ያመጣልሻል። ከጀርባሽ ካለፈ ግን በቃ፣ ደህና ሁን በይው።»

«ሰውም እንደዚያ ነው?»

«ሰው ይከብዳል» ብሎ ይስቃል።

ተዋደድን። «ቁጡዬ» እያለ ይጠራኛል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። በየሳምንቱ አቧራ የምጠርግ መስዬ ክንፉን እገለብጣለሁ፤ ያው የሷ ቁጥር። እኔን «የኔ ዓለም» ይላል፣ ቢጠፋበት የሚደወለው ግን ለሷ ነው! እንዲቀይረው ለምን አልጠየቅሽውም አትበሉኝ። ለምኜ ልጻፍ? ሞቼ ነው!

በሦስተኛው ወር ብቻዬን አውሮፕላኑን ሣሩ ላይ አሳረፍኩ። ካፒቴኑ ከኔ በላይ ዘለለ። «የሚመጣው ቅዳሜ አንድ ነገር አሳይሻለሁ» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኛ የምቆርጠውን ጨርቅ በስህተት እስክቆርጥ ድረስ ያችን ቅዳሜ ጠበቅኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። ነፋሱ ሣሩን መሬት ያስነክሰዋል። ከካፒቴኑ አጠገብ ደግሞ ቀይ ጃኬት የለበሰች ቆንጆ ሴት ቆማለች።

«አንቺ ነሽ አይደል? ስላንቺ ብዙ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ያ ማር ድምፅ! ደሜ ፈላ።

የራሷን አውሮፕላን አምጥታለች። ወረወረችው። በዚያ ነፋስ ላይ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙራ አንድ ቦታ ላይ አቆመችው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ካፒቴኑ አጨበጨበ። አጨበጨበ! ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ዛሬ ይቅርብሽ የኔ ዓለም፣ ይሄ ነፋስ ለጀማሪ አይሆንም» አለኝ።

ጀማሪ። በሷ ፊት።

የሱን ነጭ አውሮፕላንና ሪሞቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

«ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ክንፉን—»

«አልቆይም!»

ወረወርኩት። መጀመሪያ እሰይ የሚያሰኝ ነበር፣ ነፋሱን ተቋቁሞ ወጣ። ባለቀይ ጃኬቷ እያየችኝ መሆኑን ለማረጋገጥ ዞር አልኩ። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ አንዱን ክንፍ አነሣውና አዞረው። ነፋሱን ከኋላው ሲያገኝ ከራሴ በላይ ተስፈንጥሮ አለፈ። ፍጥነቱ አስደነገጠኝና ጀማሪ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ፤ ሞተሩን አጠፋሁት። ሞተር የሌለው ፎም ከነፋስ ጋር ምን አቅም አለው? እየተንሳፈፈ በመጋዘኖቹ ላይ አልፎ ከቤቶቹ ጣራ ወዲያ ጠፋ።

ሁለት ክረምት ሙሉ በእጁ የሠራው አውሮፕላን ነው። ካፒቴኑ ዞሮ አየኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል እንዲሉ፣ ጮህኩበት።

«ምን ታየኛለህ? ያገኘው ሰው ለሷ ይደውልላታል! ክንፍህም ልብህም ያው የሷ ነው!»

«ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«አልሰማም! ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ!»

ሄድኩ። እንባዬን ነፋሱ እያደረቀው ሄድኩ።

ሦስት ቀን ደወለ። ሦስት ቀን አላነሣሁም። እህቴ «አንቺ ሴት፣ ቤትሽን በገዛ እጅሽ እያፈረስሽ ነው» አለችኝ። «ቤት መች ሠራሁ?» ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ። ማታ ማታ ግን ትራሴ ይርሳል። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ደግሞ በደንብ አውቃለሁ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። በሌላ ስልክ የደወለው እሱ መሰለኝ፣ ላነሣ አልነበረም። እጄ ከኔ ቀደመ።

«ሃሎ፣ ልጄ?» የአሮጊት ድምፅ ነው። «ልብስ ላሰጣ ጣራ ብወጣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ አንድ ነጭ አውሮፕላን ተሸጉጦ አገኘሁ። ክንፉ ላይ ያንቺ ስልክ ተጽፎበታል።»

«ተሳስተዋል እማማ። የኔ አይደለም፣ የሌላ ሴት ነው።»

«መነጽሬን አድርጌ ነው እኮ ያነበብኩት! ተሳስቼ ቢሆን አንቺ ታነሺው ነበር?»

መቀሱን ጥዬ ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

በሩጫ ደረስኩ። እማማ በር ላይ አውሮፕላኑን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። አፍንጫው ተሰብሯል። ገለበጥኩት። የድሮው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። በላዩ ላይ፣ በዚያ ጠማማ ጽሑፉ፣ የኔ ቁጥር! ከሥሩ ደግሞ «ቁጡዬ ታነሣዋለች» ይላል።

ታነሣዋለች! ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ያላነሣሁለት እኔ! ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ እማማ። «ይሄን ነገር አንድ ረጅም ሰውዬ ሦስት ቀን ሙሉ በየበሩ ሲጠይቅ ነበር አሉ፤ ጎረቤቶቼ አሁን ነው የነገሩኝ። እንዲያውም... ያ አይደለም?»

ከመንገዱ ጫፍ ካፒቴኑ እየመጣ ነው። ጫማው አቧራ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። አውሮፕላኑን ሳይሆን እኔን አየ።

«ደወሉልሽ?»

«ደወሉልኝ» አልኩ። «መቼ ጻፍከው?»

«ብቻሽን ባሳረፍሽው ቀን ማታ። ቅዳሜ ላሳይሽ የነበረው እሱን ነው። ክንፉን ገልብጪው ልልሽ ስል ወረወርሽው።»

«እሷስ ለምን መጣች?»

«ቁጥሯን እንደፋቅሁ ስነግራት "እልል! ከዚያ ስልክ የገላገለችኝን ሴት በዓይኔ ካላየሁ" ብላ ነዋ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምናለ! በሕይወቴ «ይቅርታ» የሚለው ቃል እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ግን አልኩት። ሦስት ጊዜ አልኩት፣ አንዱን ለአውሮፕላኑ።

«ፎሙ ይጣበቃል» አለና ፊቴን በመዳፉ ጠረገ። «አንቺ ከጀርባዬ ያለፍሽ መስሎኝ ነው የደነገጥኩት።»

እማማ «ኧረ ግቡ፣ መንገድ ላይ አትላቀሱ!» ብለው ሁለታችንንም ወደ ውስጥ ጎተቱን።

በዓመቱ ተጋባን። አሁን የራሴ አውሮፕላን አለኝ፤ ክንፉ ሥር የሱ ቁጥር ተጽፏል። በነፋስ ቀን ሦስቴ ጠፍቶብኛል፣ ሦስቴም የሰው ፍሪጅ ፈታትቶ ባለበት ስልኩን አንስቷል። እማማ በሠርጋችን ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ባለቀይ ጃኬቷንም ጠርቻታለሁ፣ መልካም ሴት ናት። ወንበሯን ግን ከካፒቴኑ አራት ጠረጴዛ አርቄ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ምን ላድርግ? ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።